ደብተሩና ደብተር የሌላቸው

ታኅሣሥ ላይ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በጎዛምን ወረዳ አንድ አውድማ ላይ ጤፍ ይከፈላል። በሬዎቹ ከበራይ ተፈተው ጭድ ይቀማምሳሉ። ገለባው ለነፋስ ተሰጥቶ መሀል ላይ የቀረው ምርት ተቆልሏል። ከምርቱ በአንዱ በኩል ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ በሌላው በኩል ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ቆመዋል። ቁናው አንዴ በእሳቸው ጆንያ፣ አንዴ በእሱ ጆንያ ይገለበጣል። የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ አስቀድሞ ከመሀል ተነሥቷል። ጭዱ ሲቀር ጥቂት ተነጋገሩ፤ በሬዎቹ የእሱ ስለሆኑ ለእሱ እንዲተዉለት “እማማ” እያለ ለመናቸው። እሳቸውም ለላማቸው የሚሆን አስቀርተው እሺ አሉት።

መሬቱ የእሳቸው፣ ጉልበቱና በሬው የእሱ ነው። ውሉ የእኩል ይባላል፤ በጎጃም ደጋ ላይ በየመኸሩ እንዲህ ያለ ውል በየጎጡ ይታሰራል። ልጁ እዚያው ቀበሌ ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ሆኖም በቀበሌው የመሬት መዝገብ ላይ ስሙ የለም። የእሳቸው ስም አለ፤ ፎቶግራፋቸውም በይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው ላይ ተለጥፏል። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥን ግርጌ ያኖሩታል፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ በቀር አያወጡትም።

ስለ ጎጃም እርሻ በተወራ ቁጥር የሚነሡት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ትራክተር ናቸው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። የእኔ እምነት ግን ይህን አገር ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲያንገላታው የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የማርሰው መሬት ነገም በእጄ ይቆያል ወይ? መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መልሱ ተለውጧል። ገበሬውም ማሳውን የያዘው ባገኘው መልስ ልክ ነው። መልሱ ሲከፋ እርከኑን አፍርሷል፣ ዛፉን ቆርጧል፤ መልሱ ሲሻል መልሶ ተክሏል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አለን ሆበን በንጉሡ ዘመን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ርስት ማለት አንድን አገር መጀመሪያ ካቀናው አባት በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር መብት ነው። ሐረጉን መቁጠር የቻለ ሁሉ ድርሻዬን ብሎ መጠየቅ ይችላል። የትውልድ ሐረግ የሌለው፣ በሸማኔነት በቀጥቃጭነት የሚተዳደረው፣ ሌላ ሃይማኖት የሚከተለው ግን ከርስቱ ውጭ ነበር። ባለርስቱም ቢሆን አልጋው አልተደላደለለትም፤ ጠንካራ ተከራካሪ ዘመድ ከመጣበት እርሻው ሊቆረስ ይችላል። ግማሹ የገበሬ ዕድሜ በሙግት ያልቅ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እንዲያም ሆኖ የጎጃም ሰው ርስቱን አጥብቆ ወደደው፤ ከማንም ቢሮ ሳይሆን ከአባቱ ያገኘው ነበርና።

ይህን ያልተረዳ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. ዋጋውን ከፍሏል። በዚያ ዓመት የታወጀው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ገምጋሚ ኮሚቴዎችን ወደ ገጠር ላከ። በሞጣ፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬው ግብሩን የመሬት ልኬት መቅድም አድርጎ ወሰደው። ልኬት ከመጣ ርስት ይሄዳል፤ ርስት ከሄደ ባለርስቱ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ይሆናል ብሎ ሠጋ። አመፁ ተነሣ፤ ጦርም የአየር ኃይል አውሮፕላንም ዘመተበት። ሊቆም ግን አልቻለም። በመጨረሻ ጠቅላይ ግዛቱን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ስለዚህ ዓመት አጥብቆ የጻፈው ገብሩ ታረቀ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ገበሬው የግብሩን መጠን ከሚፈራው ይልቅ የመለኪያውን ገመድ ይበልጥ መፍራቱ ነው።

ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡን ያወረደው ደርግ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ አወጀ። በደቡብ አዋጁ የባላባት ቀንበር መስበሪያ ስለነበር በእልልታ ተቀበሉት። ጎጃም ላይ ግን የባላባት መሬት አልነበረም የሚወረሰው፤ ከገበሬ ወደ ገበሬ ነበር የሚሸጋገረው። ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተከለከለ፤ ሽያጭ፣ ኪራይ፣ መያዣ፣ የቅጥር ጉልበት ሁሉ ታገደ። ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ፣ የሚያክል አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ታቀፈ። የሐረግ ቆጠራው ሙግት በአንድ ጀንበር ቀረ፤ ከርስት ውጭ የነበሩት ሸማኔና ቀጥቃጭ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አገኙ። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ ደርግን ለመውቀስ ሲባል ሊረሳ አይገባም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ 1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ገበሬውን በሦስት እርከን ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስገባ ነበር። መልባ ላይ መሬት ለጋራ ይሰጣል፤ ወልባ ላይ በሬና ሞፈር ቀንበሩ ይታከላል፤ ብዙ ወልባዎች ሲዋሐዱ ወላንድ ይሆናሉ። ለግል የሚቀረው ከጓሮ የማታልፍ ቁራሽ ናት። ፈቃደኛ ብቻ ይገባል ይባል ነበር። ነገር ግን ማኅበሩ ሲቋቋም የሚመረጥለት ለም መሬት ነው፤ እዚያ ላይ የነበረው ያልገባ ገበሬ ወደ ጠፉ ማሳ ይገፋል። ማዳበሪያ ቅድሚያ ለማኅበሩ፣ ግብር ቀለል ያለ ለማኅበሩ፣ የእህል ዋጋ የተሻለ ለማኅበሩ ነው። እንዲህ ያለው “ፈቃድ” ለሰው ምን ምርጫ ይተዋል? ኢቫ ፖሉሃ ጎጃም ውስጥ በአንድ እንዲህ ባለ ማኅበር ላይ የሠራችውና እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ጥናቷ ርዕሱ ራሱ የማዕከል ዕቅድንና የአካባቢን እውነታ ፊት ለፊት ያቆማል። ደጀን አካባቢ ያለችው የትኖራ በዚያ ዘመን ስማቸው በየስብሰባው ከሚነሣ ማኅበራት አንዷ ነበረች።

የዚያን ዘመን ሥራ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ነገር የተበላሸው በትንንሹ ነውና። አባሉ ማለዳ ይሰለፋል። አንዱ ለአረም፣ አንዱ ለጉልጓሎ፣ አንዱ ለጥበቃ ይመደባል። መዝጋቢው የእያንዳንዱን የሥራ ነጥብ ይይዛል፤ በዓመቱ መጨረሻ ምርቱ በነጥብ ይካፈላል። ጤፍ ደግሞ እንደ ሌላው እህል አይደለም። በሐምሌ ዝናብ ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ፣ በከብት ተረግጦ፣ ደቃቅ ዘሩ ተበትኖ፣ ከዚያ ለሳምንታት በጎባጣ ጀርባ ይታረማል። ሣር ትመስላለች፤ አረሙም ሣር ይመስላል። ሁለቱን ለይቶ የሚነቅል ጣት የራሱን እንጀራ የሚያስብ ጣት ነው። በነጥብ የሚታረም ጤፍ ውስጥ አረሙ ይቀራል፤ ነጥቡ ግን ተመዝግቧል። በሬውም እንዲሁ ነው። የግል ሳለ ገበሬው ራሱ ሳይበላ ጭድ ያቀርብለት የነበረ በሬ የጋራ ሲሆን ማን ውኃ አጠጣው? ማንስ ቁስሉን አየለት?

ከዚያ ኮታው አለ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በየዓመቱ ለየገበሬዎች ማኅበሩ የሚያስረክበውን እህል መድቦ፣ ዋጋውንም ራሱ ቆርጦ ይሰጥ ነበር። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነው። ጎጃም እንደ አርሲ ትርፍ አምራች ተብሎ ስለተመዘገበ ክብደቱ በረታበት። ነጋዴው እህል ጭኖ ዓባይን እንዳይሻገር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። መኸሩ የከዳው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት በሬውን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። በአፍ የሚነገር ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ ጥናቶችም የመዘገቡት ነው። ይህን ያየ ገበሬ ትርፍ ማምረት ቢያቆም ሰነፍ የሚለው ማነው?

በ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታው ተከተለ። ከየጎጡ፣ ከየወንዙ አፋፍ ያለው ቤት ፈርሶ በመስመር እንደገና እንዲሠራ ታዘዘ። ሰው ከጓሮው ጌሾና ከባሕር ዛፉ ተለየ፤ ማሳውን ከዝንጀሮና ከሌባ ለመጠበቅ ሩቅ መንገድ መመላለስ ግድ ሆነበት። የመንግሥት የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ከእርሻ መሬቱ ግማሽ ያህሉን በማኅበራት ሥር ለማድረግ አስቦ ነበር። ዕቅዱ ሳይገባደድ ወደ ማኅበራቱ የገባው ግን ከታረሰው መሬት ጥቂቱ ብቻ ነው።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ንግግር አደረጉ። ማኅበራቱ አባሎቻቸው ከፈለጉ መበተን እንደሚችሉ፣ የእህል ንግዱም እንደሚለቀቅ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለመሪዎቹ ትልቅ ትምህርት መሆን ነበረበት። አሥር ዓመት የተገነባው በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። በሬ ተከፋፈለ፣ ሞፈርና ቀንበር ወደየቤቱ ተመለሰ፣ መሬቱ ተሸነሸነ። ሰው የመስመር ቤቱን ነቅሎ ወደ ጥንት ጎጡ ተመለሰ። በጋራ የተተከለ ደንም በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ። ከተማ ያለን ሰዎች የዛፉ መቆረጥ ድንቁርና ይመስለናል። ገበሬው ግን የጋራ የተባለ ነገር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ስለማያውቅ ዛሬ በእጁ አስገባው። እኔ ብሆን የተለየ አደርግ ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ኢሕአዴግ ሲገባ ኮታውም ቀረ፣ ማኅበሩም ቀረ፤ መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ዘጋው። ጎጃም አሁንም የጥያቄውን መልስ ይጠብቅ ነበር። መልሱ በ1989 ዓ.ም. በሽግሽግ መልክ መጣ። የአማራ ክልል ምክር ቤት አዋጅ አወጣ፤ ካድሬዎች በየቀበሌው ገቡ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ “ቢሮክራት”፣ ከድሮው ባላባት ወገን የተባለ ደግሞ “ቅሪት ፊውዳል” ተብሎ ተፈረጀ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ፣ ማለትም 3 ሄክታር፣ ሲፈቀድለት ለእነዚህ 4 ጥማድ ብቻ ተተወላቸው። የተነጠቀው መሬት ለወጣቶችና ለሴቶች ታደለ። ተጎድተናል ያሉ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፤ መጋቢት 1989 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእነርሱ ወግነው ሰልፍ ወጡ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ።

ስለዚያ ሽግሽግ ለመፍረድ እቸገራለሁ። ያን ጊዜ አራት ጥማድ አግኝታ ልጆቿን ያሳደገች ባልቴት አለች፤ ያለ ሽግሽጉ እጇ ባዶ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በቀበሌ ጸሐፊነት ስላገለገለ ብቻ ከልጆቹ አፍ ላይ የተነጠቀበት ሰው አለ። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ዛሬም የመሬት ክስ ሲነሣ ያ ዓመት ይጠቀሳል። መሬት የሰጠ መንግሥት መልሶ ይወስዳል የሚለው ሥጋት በዚያ ዓመት እንደገና ሥር ሰደደ።

ለዚያ ሥጋት መድኃኒት ሆኖ የመጣው ደብተሩ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ፣ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ባለሥልጣንን አቋቁሞ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ይዞታ መመዝገብ ጀመረ። ለሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ እዚሁ ጎዛምን ያለችው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከገበሬው የተመረጠ ኮሚቴ ከባለሙያ ጋር ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ ባለይዞታው በድንበሩ ላይ ይቆማል፤ አዋሳኞቹም ይጠራሉ። በደብተሩ ላይ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ ተብሎ ይሰፍራል። የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይገባል። በንጉሡ ዘመን የጎጃምን ሕዝብ ለጦርነት ያስነሣ ልኬት እዚህ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት እየመሰከረ አለፈ። ልዩነቱ ገመዱን የያዘው ሰው ማንነት ነው። በኋላ ሁለተኛው ዙር በአየር ፎቶግራፍና በካርታ ተደገፈ።

ደብተሩ ሠርቷል። የዓለም ባንኩ ክላውስ ዳይኒንገር ከዳንኤል አያሌው አሊና ከተኪዔ ዓለሙ ጋር በምሥራቅ ጎጃም ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ከምዝገባው በኋላ የመነጠቅ ሥጋት ቀንሷል፣ በእርከንና በአፈር ጥበቃ ላይ የሚወጣው ጉልበት ጨምሯል፣ መሬት ማከራየትም በርክቷል። ያለ ጥናትም ይታያል። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በሉማሜ ዙሪያ፣ ዳገቱን ያለበሰው ባሕር ዛፍ የግል ነው። ባሕር ዛፍ የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገ ይወሰድብኛል የሚል ሰው አይተክለውም። የሚስቱ ፎቶ በደብተሩ ላይ ያለ ባል መሬቱን በድብቅ ሊያከራይ አይችልም፤ ባሏ የሞተባት ሴትም ከባሏ ወንድሞች ጋር ስትከራከር ባዶ እጇን አትቀርብም። አውድማው ላይ ያየናቸው እናት መሬታቸውን በእኩል ለመስጠት የማይፈሩት ለዚህ ነው።

የመኸሩም ዋጋ ተሻሽሏል። በ1998 ዓ.ም. የወጣችው ቁንጮ የተባለች የጤፍ ዝርያ በነጭነቷና በምርቷ ጎጃምን አዳረሰች። ኬላው ተነሥቶ የደብረ ማርቆስና የቢቸና ጤፍ በአይሱዙ ተጭኖ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ያድራል። ገበያ ግን ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ከመብዛቱ የተነሣ ዋጋው ወድቆ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ተንገላታ። ማዳበሪያው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በአብዛኛው እንደ ጎዛምን ባሉ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል ነው። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ እንደገና የተቋቋሙት እነዚህ ማኅበራት አባሉን መሬቱንም በሬውንም አያስረክቡትም፤ እንዲያም ሆኖ “ኅብረት ሥራ” የሚለው ስም ለሽማግሌው ጆሮ ለመጣፈጥ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት ደርሶ ማዳበሪያ ሲጠፋ በክልሉ ገበሬው ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልሉ ወደ ጦርነት ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማዳበሪያ ወደ ጎጃም አይገባም፣ ጤፍም ከጎጃም አይወጣም።

አሁን አውድማው ላይ ወደተውነው ልጅ ልመለስ። የ1976ቱ ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ ሲያደርገው፣ የ1999ኙ ወደ 74 ሚሊዮን አድርሶታል። በዚሁ በኋለኛው ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ብቻ ከ2.15 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረበት፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ገጠር ነዋሪ ነው። መሬቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ጮቄ ተራራ ላይ ገብስና ድንች የሚዘራበት ቁልቁለት በጎርፍ እየሳሳ ነው። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ሽግሽግ አልተደረገም፤ ያኔ ያልተወለደ ወይም ገና ሕፃን የነበረ በዕጣ አላገኘም። ደብተሩ ላለው ሰው በር ሲከፍት ለሌለው ዘጋ። ይህ ደብተሩ የሚወቀስበት አይደለም፤ በሥጋት ከመኖር ሁሉ ይሻላል። ግን ለአንዱ ዋስትና መስጠት ለሌላው ምን እንዳሳጣ በግልጽ መነገር አለበት። ልጁ ከአባቱ የሚወርሰው ከወንድምና ከእኅቶቹ ጋር ሲካፈል ለአንድ ጥንድ በሬ የሚበቃ ማሳ አይሆንም። ለዚህ ነው እኩዮቹ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሑመራ፣ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፉት። የቀረው በእኩል ያርሳል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከባንክ እንዲበደር ፈቅዷል። በ1967 መያዣ ብሎ የከለከለውን አገር ለሚያስታውስ ትልቅ ለውጥ ነው። መብቱ ግን የባለይዞታው ነው፤ በእኩል የሚያርሰው ልጅ ለባንክ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የኪራይና የእኩል ውል በወረዳው እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል፤ የእሱ ውል ግን በቃል፣ ለአንድ መኸር የታሰረ ነው። ከርሞ ሌላ አራሽ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ለማሳውም ይተርፋል። የጎጃም ደጋ አፈር በዝናብ ብዛት እየታጠበ አሲዳማ ሆኗል፤ ማዳበሪያ ቢበተንበትም ሰብሉ አይበላውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ደጀን ላይ ይፈጫል። ለአንድ ሄክታር በአሥር የሚቆጠር ኩንታል ይጠይቃል፤ ማጓጓዣው ከባድ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለተከታታይ ዓመታት ይቆያል። አሮጊቷ ኖራ ለማስመጣት አቅም የላቸውም። ልጁ ጉልበት አለው፤ ተበድሮም ቢሆን ሊገዛ ይችል ነበር። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው የሚያርሰውን መሬት የሚያክም የለም። እሱም የሚጠይቀው በ1960 ዓ.ም. የሞጣ ገበሬ የጠየቀውን ነው። ግብርና ቢሮዎች ኖራ አልተቀበለም ብለው ስለ ገበሬው ግንዛቤ ከማውራታቸው በፊት የሦስትና የአራት ዓመት የእኩል ውል በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በነጻ፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት ምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ ቢያመቻቹ ኖራው ራሱ መንገዱን ያገኛል።